ሮዋፎስ፦ በጨው ውሃ አኳሪየም አልጌን ለመቆጣጠር የሚሠራውና የማይሠራው

በቤታቸው የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸውን ሰዎች ተስፋ ከሚያስቆርጡ ነገሮች ዋነኛው፣ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያለብሰው ፀጉር መሰል አረንጓዴ አልጌ ነው። ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚሸጡት ምርቶች መካከል የብሪታንያው ዲ-ዲ ኩባንያ የሚያቀርበው ሮዋፎስ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ እኔም ለስላሳ ኮራሎችና ጥቂት ዓሦች ባሉበት መካከለኛ ገንዳ ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ምርቱ የተሠራበትን ተግባር በሚገባ ይወጣል፤ ሆኖም ብዙ ገዢዎች ከእርሱ የሚጠብቁት ሌላ ነገር በመሆኑ፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ልዩነቱን ቢያውቁት ይበጃል።

አልጌ ለማደግ ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። ፎስፈረሱ ወደ ገንዳው የሚገባው በአብዛኛው በዓሦቹ ምግብ አማካይነት ነው፤ የተበላውም ሆነ ያልተበላው ምግብ ከጊዜ በኋላ ፎስፌት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሮዋፎስ በብረት ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ጥራጥሬ ሲሆን፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ፎስፌት በገጹ ላይ አጣብቆ ይይዛል። ጥራጥሬው ሲወገድ የያዘው ፎስፌትም አብሮ ከገንዳው ይወጣል ማለት ነው። አልጌውን በቀጥታ አይገድልም፤ በዚህም በጠርሙስ ከሚሸጡት አልጌ ገዳይ ፈሳሾች ይለያል፣ ለቀንድ አውጣዎችና ለሽሪምፖችም ስጋት አይሆንም።

ዕቃው ሲከፈት ጥራጥሬው እርጥብ የቡና አተላ ይመስላል። እርጥብ ሆኖ መምጣቱ ከአንዳንድ ደረቅና ርካሽ አቻዎቹ የሚሻልበት ነጥብ ነው፤ ደረቁን ከከረጢት ስናፈስ የሚነሣው ቀይ ብናኝ እጅንም ልብስንም ያበላሻል። ያም ሆኖ ሮዋፎስንም ማጠብ ግድ ነው። በመጀመሪያው እጥበት የሚወጣው ውሃ የደፈረሰ ዝገት ነው፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ደቃቁ ብናኝ ገንዳውን አደፍርሶ ኮራሎቹ ላይ ይተኛል። (ይህን ሥራ ነጭ ምንጣፍ አጠገብ መጀመር አይመከርም።)

ጥራጥሬውን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በከረጢቱ ዙሪያ ያልፍና መሐል ያለው ጥራጥሬ ሳይሠራ ተጋግሮ ይቀራል። ጥራጥሬው የሚቀመጥበትና ውሃን በውስጡ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ሪአክተር የተባለ ትንሽ ዕቃ መግዛት ተጨማሪ ወጪ ቢሆንም፣ ጥራጥሬው በሙሉ እንዲሠራ ስለሚያደርግ ወጪውን ያካክሳል። ፓምፑ መስተካከል ያለበት የላይኛው ሽፋን ብቻ ቀስ ብሎ እንዲላወስ ነው፤ ጥራጥሬው እየተሽከረከረ እርስ በርሱ ከተፋጨ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መጠኑ ነው። በመለያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ከመጨመር ይልቅ በግማሹ ወይም ከዚያ ባነሰ መጀመር ይሻላል። ፎስፌት በድንገት ሲወርድ ኮራሎች ቀለማቸው ይገረጣል፣ አንዳንዶቹም ከሥራቸው ጀምሮ ሥጋቸው ይላቀቃል፤ ኮራልም እንደ አልጌው ሁሉ ጥቂት ፎስፈረስ ያስፈልገዋልና። ፎስፌቱ ጨርሶ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ፣ ዝልግልግና አረፋ ያዘለ ሽፋን ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ከዳይኖፍላጀሌት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ቀንድ አውጣዎችን የሚመርዙ በመሆናቸው፣ አረንጓዴውን አልጌ አጥፍቶ በእርሱ መተካት ትርፉ ድካም ነው። በርካታ አሳዳጊዎች የሚያነጣጥሩት በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ባለው ክልል ላይ ነው።

ይህን ያህል ትንሽ መጠን በቀለም ካርድ አመሳክሮ መለየት ለዓይን ስለሚያስቸግር፣ ከሮዋፎስ ጋር ዲጂታል መለኪያ መግዛትን እመክራለሁ። ሃና ኤችአይ774 የተባለው ትንሽ መሣሪያ በሊትር ከ0.00 እስከ 0.90 ሚሊግራም ይለካል፤ የስሕተት ወሰኑ 0.02 ሚሊግራም ሲደመር የንባቡ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ 0.01 እና 0.03 በተግባር አንድ ናቸው፣ መታየት ያለበትም የሳምንታቱ አዝማሚያ ነው። የብርጭቆ ብልቃጡ ላይ የቀረ የጣት አሻራ ወይም ለመለካት ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ዱቄት ሳይሟሟ መቅረቱ ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ ብልቃጡን በንጹሕ ጨርቅ መወልወል አይዘንጋ። አልጌ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ዝቅተኛ ቁጥር ማየትም ሊያዘናጋ አይገባም፤ አልጌው ራሱ ፎስፌቱን ከመለኪያው ቀድሞ እየወሰደው ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ። ጥራጥሬው በገባ ማግሥት የወረደው ቁጥር ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ ይወጣል። ይህ የምርቱ ድክመት አይደለም፤ በገንዳው ውስጥ ያለው የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ለወራት የያዘውን ፎስፌት፣ በውሃው ውስጥ ያለው የፎስፌት መጠን ሲቀንስ መልሶ ይለቀዋል። ድንጋዩ የቆየ ከሆነ ጥራጥሬውን ደጋግሞ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። መቀየሪያው ጊዜ የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው ከሪአክተሩ የሚወጣውን ውሃና የገንዳውን ውሃ ለየብቻ በመለካት ነው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጥራጥሬው አቅሙን ጨርሷል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከእርሳስ ቱቦዎች እርሳስ እንዳይሟሟበት ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኦርቶፎስፌት የተባለ የፎስፌት ዓይነት ይጨመርበታል። ለሚጠጣው ሰው ጥቅም ያለው ይህ አሠራር ለአኳሪየም ግን በየባልዲው የአልጌ ማዳበሪያ ማስገባት ነው። በቧንቧ ውሃ ጨው እየበጠበጡ በሮዋፎስ ፎስፌት ለማውጣት መሞከር ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ስለሆነ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚያስወግድ ሪቨርስ ኦስሞሲስና ዲአዮናይዘር ያለው ማጣሪያ ቀድሞ መገዛት ይኖርበታል። ውሃው ክሎራሚን በተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ስለሚታከምም ማጣሪያው ደህና የካርቦን ክፍል እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ሮዋፎስ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ አይነቅልም። ድንጋዩን አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ መፋቅ፣ የተነቀለውን በቱቦ ስቦ ማውጣትና ቀሪውን ለተርቦ ወይም ለትሮከስ ቀንድ አውጣዎች መተው የባለቤቱ ሥራ ነው። ላባ የመሰለው ብሪዮፕሲስና አረፋ መሳዩ ቫሎኒያ የተባሉት የአልጌ ዓይነቶች ፎስፌት በመቀነሱ ብቻ በቀላሉ አይጠፉም። በአዲስ ገንዳ አሸዋ ላይ የሚታየው ዳያተም የተባለ ቡናማ ደቃቅ አልጌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስለሚጠፋ ለእርሱ ብሎ ሮዋፎስ መግዛት አያስፈልግም።

ከገንዳቸው ሥር ተጨማሪ የማጣሪያ ሳጥን ያላቸው ሰዎች በመጀመሪያ ኬቶሞርፋ የተባለውን ተክል መሰል አልጌ በመብራት ሥር ቢያሳድጉ የተሻለ ነው፤ ናይትሬትንም ጭምር ስለሚወስድና ሲበዛ ተቆርጦ ስለሚጣል ወጪው ትንሽ ነው። ሮዋፎስ ይበልጥ የሚመቸው ለዚህ ቦታ ለሌላቸው፣ ወይም ኬቶሞርፋውን ይዘውም የፎስፌቱ ቁጥር አልወርድ ላላቸው ነው። ዋጋው ከደረቁ ዓይነት ከፍ ስለሚል በትንሹ ዕቃ መጀመርና ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ይሻላል፤ አንዴ እርጥበቱን ካጣ የተሻለበት ነጥብ አብሮ ይጠፋል።