«ዛሬስ አልሠራሽም» ላለችኝ ፀጉር ሠሪዬ

ይህን ምስጋና በሰው ፊት ልናገር ካሰብኩ ቆየሁ። ለፀጉር ሠሪዬ ነው።

ፀጉሬ ክፉኛ ይረግፍ ነበር። ትራሱ ላይ፣ ማበጠሪያው ላይ፣ ስታጠብ መዳፌ ላይ። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ጤናማ ነው፤ የእኔ ግን በእፍኝ ነበር። ያልቀባሁት ቅባት የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» ይሉኝና አጥብቀው ሠርተው ይሸኙኛል።

እሷም ጋ የሄድኩት ሹሩባ ልሠራ ነው። ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆም አለች። ጆሮዬ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከፈል አድርጋ በስልኬ ፎቶ አነሳችና አሳየችኝ። ፀጉሩ ሥር ጥቃቅን እብጠቶች ነበሩ።

«ይሄ ተጎትቶ ነው የሳሳው። አሁን ካረፈ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም» አለችኝ። ቀጥላ አናቴን ነካ አድርጋ «እዚህ ጋ ያለው ግን ሌላ ነው። የዛሬ ሁለት ሦስት ወር አሞሽ ነበር እንዴ?»

ክው አልኩ። ልክ የዛሬ ሦስት ወር ኃይለኛ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር። ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካ ከባድ ሕመም፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ብርቱ ጭንቀት ፀጉርን ወዲያው አያረግፈውም። ብዙውን ፀጉር በአንዴ ወደ ዕረፍት ይልከዋል፤ መርገፉ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው።

«ዛሬስ አልሠራሽም። የቆዳ ሐኪም ይይሽ፤ ደምሽንም ተመርመሪ» ብላ ሰደደችኝ። ሥራዋን ትታ!

ሐኪሙም ያለችውን አረጋገጠልኝ። ታይሮይዴ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ደህና ነው፤ የብረት ክምችቴ ግን አንሶ ተገኘና እንክብል ታዘዘልኝ። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ልጀምር ወይ ስለው፣ በዋናነት የሚረዳው በዘር ለሚመጣ መሳሳት እንደሆነ፣ ወራት እንደሚፈልግና ሲያቆሙት ጥቅሙም እንደሚቀር አስረዳኝ። እርጉዝ ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት። ፀጉራችሁ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠም ቅባት አትሞክሩ፤ ቶሎ ታዩ።

ከዚያ ወዲህ ላላ አድርጋ ትሠራኛለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሳልሠራ እንድቆይ ታዘኛለች። ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔም አለቀስኩ፣ ተስፋም ቆረጥኩ። አምስተኛው ወር ላይ ግን ግንባሬ ዳር አጫጭር ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁ። ብቀባው አይተኛ፣ ባበጥረው አይተኛ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

እሷ ጋ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄያት ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ቀጠሮ ያዙ፤ ተጣድፋ አትሠራም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ባለፈው አበጥረሽኝ ስትጨርሺ ማበጠሪያውን ወደ እኔ አዙረሽ ያሳየሽኝን አልረሳውም። ሁለት ፀጉር ብቻ ነበር የቀረበት።