የቲሸርት ክር በኪሎ ልትገዙ ያሰባችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ሰላም እህቶች፣ በተለይ ኪሮሽ እየሰራችሁ ምንጣፍና ቦርሳ የምትሸጡ፣ ቴሌግራም ላይ «ከሐዋሳ ፋብሪካ የወጣ፣ ኤክስፖርት ስታንዳርድ፣ 100% ጥጥ፣ ቋጠሮ የሌለው» እየተባለ በኪሎ የሚሸጠውን የቲሸርት ክር (የቲሸርት ጨርቅ በቀጭኑ እየተቆረጠ የሚሰራውን ወፍራም ክር) ጥቅሉ ተፈቶ ሳታዩት እንዳትገዙ። እኔ ለደንበኛ ምንጣፍ ልሰራበት አዝዤ፣ ብሩንም በቴሌብር አስቀድሜ ልኬ የመጣልኝን ልንገራችሁ።

ላይ ላዩ እውነትም ጥሩ ክር ነው፣ ለስላሳ፣ ወርዱ እኩል፣ ሳብ ሲያረጉት ጥቅልል የሚል። ትንሽ እንደፈታሁት ቋጠሮ መጣ፣ ከዛ ሌላ ቋጠሮ፣ ክንድ እንኳን የማይሞላ ቁራጭ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ እየታሰረ ነው የተጠቀለለው። ወደ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ የቲሸርት ጨርቅም አይደለም፣ የአንሶላና የሸሚዝ ቅዳጅ አለበት፣ ጫፉን ነካ ሲያረጉት እየተተረተረ ይወጣል። ደሞ ድርቅ ያለ ነገር አለ፣ እሱ የጨርቁ ጠርዝ ነው፣ ፋብሪካ እንዳይጠቀለል ሙጫ የሚቀባው፣ ማሽኑ የያዘበት የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሮ ይታያል፣ ሲሰሩበት ጣት ይልጣል። መሃሉ እርጥብ ነበር፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ጥጥ ደሞ ውሃ በደንብ ነው የሚይዘው፣ ሚዛኑን ያከበደው አንዱ እሱ ነው።

ለሻጯ ስደውልላት «ቁርጥራጭ እኮ ነው፣ ፋብሪካው ያወጣው እንደዛ ነው» አለችኝ፣ «ቋጠሮ የሌለው» ብላ የጻፈችውን ስክሪንሾት ስልክላት ብሎክ። የገጹን ስም የማልጽፈው ስም እየቀያየሩ ስለሚመጡ ነው፣ እሱን ትታችሁ አሰራራቸውን እወቁ።

ደሞ ንጹህ ክር እንኳን ቢሆን ኪሎ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በካሬ ሜትር 160 ግራም የሚመዝን ስስ የቲሸርት ጨርቅ በ2.5 ሳንቲሜትር ወርድ ሲቆረጥ 1 ኪሎው 250 ሜትር ይወጣዋል፣ 320 ግራም የሚመዝን የሹራብ ጨርቅ ከሆነ ግን 125 ሜትር ብቻ፣ ማለትም በአንድ ዋጋ ግማሹን ነው የምታገኙት። ስለዚህ ስንት ሜትር ነው፣ ወርዱስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የማይመልስ ሻጭ ጋር አትቆዩ።

ስትገዙ በአካል ሂዱና ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሃልም አስወጥታችሁ እዩ። ሳብ አርጉት፣ በወርዱ የተቆረጠ የቲሸርት ጨርቅ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ድቡልቡል ክር ይሆናል፣ በቁመቱ ከተቆረጠ እንደዛ አይለጠጥም አይጠቀለልም፣ ስራው ላይ ጠፍጣፋና ያልተስተካከለ ሆኖ ይቀራል። ስትሬች የበዛበት ለምንጣፍ ይሁን፣ ለቦርሳ ግን እቃ ሲገባበት ማንገቻው እየተለጠጠ ይወርዳል። ጥቁርና ቀይ ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፣ ቀለሙ ከለቀቀ ከነጭ ጋር የሰራችሁት በሙሉ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ነው የሚበላሸው። ጥጥ መሆኑን ለማየት ቁራጩን በክብሪት አቃጥሉት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል (ውጪ ላይ አርጉት፣ ልጆች ባሉበት አይሆንም)።

ደረሰኝም ጠይቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለምንገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ ግን ደረሰኝም አድራሻም ከሌለው ሰው ጋር ማንን ይዘን ነው የምንከራከረው፣ ለዛ ነው ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ የምለው። እቃው በር ድረስ መጥቶ፣ ፈታችሁ አይታችሁ፣ ከዛ ክፈሉ። ዲሊቨሪው አይፈታም ካለ መልሱት።

ለትንሽ ስራ ከሆነ ቤት ያለ አሮጌ ቲሸርት ይበቃል፣ ጎኑ ላይ ስፌት የሌለውን ምረጡና ከብብቱ በታች ያለውን ዙሪያውን እየዞራችሁ ቁረጡት፣ ሳይቋረጥ አንድ ረጅም ክር ነው የሚወጣችሁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ስራ ሳትጀምሩ ጥቅሉን እስከ መጨረሻው ፍቱት። ቋጠሮዎቹን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ትንሽ ብሱና አንዱን በአንዱ አሾልካችሁ አያይዙት፣ እንደዛ ሲሆን ጉብ አይልም፣ ሲታጠብም አይፈታም። የሸሚዙንና የአንሶላውን ቅዳጅ ለይታችሁ አውጡት፣ ምንጣፉ ውስጥ ከገባ እየተተረተረ ዙሪያውን ያለውንም ያላላዋል፣ ደንበኛ ደሞ የሚመልሰው ለእናንተ ነው።