ፓወርፖል ማገናኛ፦ ሲናገሩበት ለሚጠፋ ሬዲዮ

መቶ ዋት የሚያወጣው የአማተር (በትርፍ ጊዜ ለግል ፍላጎት የሚሠራበት) የመገናኛ ሬዲዮዬ ሲያዳምጥ እንከን አልነበረበትም፤ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭኜ መናገር ስጀምር ግን ድርግም ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፓወር ሰፕላዩን (ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ) ስጠረጥር ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ምሽት በገመዱ መሐል ያለውን ሶኬት ብነካው ጣቴን ፈጀኝ። ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ፒንም ጠቁሯል።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ሬዲዮ በ13.8 ቮልት ሲያሰራጭ 20 አምፔር ያህል ይስባል፤ የላላ ወይም የቆሸሸ ሶኬት 0.1 ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ብቻ ቢጨምር 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ 40 ዋትም እዚያው ሶኬቱ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሬዲዮው ሲያዳምጥ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ በቴስተር የለካ ሰው ቮልቱን ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነበር።

ስለዚህ አሮጌዎቹን ሶኬቶች በሙሉ ቆርጬ በአንደርሰን ፓወርፖል ተካኋቸው። ይህ ማገናኛ ወንዴና ሴቴ የለውም፤ ሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሬዲዮውን ከባትሪም ሆነ ከፓወር ሰፕላይ ጋር ያለ ተጨማሪ አስማሚ አገናኛለሁ። በውስጡ በብር የተለበጠ ጠፍጣፋ ምላስ አለ፤ ከሥሩ ያለችው ስፕሪንግ ሁለቱን ምላሶች አጥብቃ ታጣብቃቸዋለች፣ በተሰኩና በተነቀሉ ቁጥርም ስለሚፋተጉ ፊታቸው ይጠረጋል። የ15፣ የ30 እና የ45 አምፔር ምላሶች በአንድ ዓይነት የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ የ30ውን መርጫለሁ።

ቀዩ (የፖዘቲቩ) እና ጥቁሩ (የኔጋቲቩ) ቀፎ ጎን ለጎን የሚጋጠሙበት አቀማመጥ ግን በዘፈቀደ መሆን የለበትም። በአሜሪካ በአደጋ ጊዜ በሬዲዮ የሚያገለግሉ አማተሮች የተስማሙበት አሠራር፣ ማገናኛው ከፊት (ከሽቦው ተቃራኒ በኩል) ሲታይ የቀፎው የፕላስቲክ ምላስ ከታች ሆኖ ቀዩ በግራ፣ ጥቁሩ በቀኝ እንዲሆን ነው፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው ዕቃውን ከባልንጀራው ባትሪ ጋር ባገናኘ ቀን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ይገለባበጡበታል።

በመጀመሪያ ሙከራዬ የብረቱን ምላስ ከሽቦው ጋር ለማያያዝ በተራ ፒንሳ ጨምቄ አበላሽቼዋለሁ። ስለተጣመመ ቀፎው ውስጥ «ቀጭ» ብሎ አልተቆለፈም፤ ስሰካውም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ለዚሁ የተሠራውን መጭመቂያ መግዛት ግድ ሆነብኝ፤ ዋጋው ከማገናኛዎቹ ይበልጣል፣ ነገር ግን ያለ እሱ ሥራውን መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። አሁን እያንዳንዱን ሽቦ ከሰካሁ በኋላ ጠንከር አድርጌ እስበዋለሁ። እየተናገርኩ በሬዲዮው መግቢያ ላይ ስለካ 13.4 ቮልት አገኛለሁ፤ ከረዥም ንግግር በኋላም ማገናኛው አይሞቅም።

አንድ ጉድለት አለው፤ የተያያዙትን ሁለት ጫፎች አጥብቆ የሚይዝ መቆለፊያ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ይህ አያሳስብም፤ መኪና ውስጥ ግን ገመዱ ሲጎተት ሊላቀቅ ስለሚችል፣ እኔ ሁለቱን ጫፎች በፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ ላይ አስሬያቸዋለሁ።