ቫይራል ሎድ ብቻ አይበቃም፦ ደብረ ብርሃን ስላለ አንድ ላቦራቶሪ

ይህን የምጽፈው እንደኔ የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው ላለ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ይህ የግል ላቦራቶሪ ምርመራው ያስመሰግነዋል። እንግዳ መቀበያው ግን መታረም አለበት።

የላከችኝ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒካችን ነርስ ናት። «ቫይራል ሎድዎ አይታይም፣ ተመስገን ነው። አሁን ልብና ኩላሊትዎን እንይ» አለችኝ። ቫይራል ሎድ ማለት በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን ነው። እውነቷን ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጭንቀታችን ለዓመቱ መድረስ ነበር። ዛሬ እግዜር ይመስገን እያረጀን ነው፤ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የልብ ሕመሙ መጣ። ቫይረሱ በመድኃኒት ቢተኛም አመድ እንደለበሰ ፍም ውስጥ ውስጡን የሚቀር ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ አለ፤ ደም ሥርን የሚጎዳው አንዱ እሱ ነው።

ደም የቀዳኝ ልጅ እጁ የተባረከ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደም ሥሬን አጥፍቶት ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህም እዚያም ይወጉኛል። እሱ የላስቲክ ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ አሰረና ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ። ጥቂት ቆይቶ ባንዴ አገኘው። ስሜንም እዚያው ፊቴ ብልቃጡ ላይ ጻፈ።

ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን ታዞልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የደም መርጋትን የሚጠቁመው ዲ-ዳይመር እንዲጨመርልኝ ጠየቅሁ። ስለ ዲ-ዳይመር የሰማሁት ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ስማርት የተባለ ጥናት በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ መድኃኒት የሚያቋርጡት ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። ከዚያ የተቀመጠ ደማቸው ሲመረመር፣ ዲ-ዳይመርና የብግነት ምልክት የሆነው ኢንተርሉኪን-6 ከፍ ያለባቸው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ልጁ ግን «እናቴ፣ ገንዘብዎን አያባክኑ» አለኝ። ዲ-ዳይመር በኢንፌክሽንም፣ በዕድሜም ይጨምራል። ለብዙ ሰው ጥናት ይጠቅማል እንጂ፣ ያለ ምልክት ለአንድ ሰው ቢሠራ «ይህን ውሰጂ» የሚያስብል ውጤት አይሰጥም። ገበያውን ትቶ እውነቱን የሚነግር ላቦራቶሪ ስንት አለ? እኔ ከኪሴ ነው የምከፍለው። ለዚህ ብቻ ደግሜ እሄዳለሁ።

ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ለምትወስዱ አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ኩላሊትን ሳይጎዳ ክሬአቲኒንን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ወረቀቱን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ሐኪም ያንብበው። ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስለ ስታቲን፣ ኮሌስትሮል ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ ጠይቁት። በፈረንጆቹ 2023 የታተመው ሪፕሪቭ የተባለ ጥናት፣ ፒታቫስታቲን የተባለውን ስታቲን የወሰዱ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር 35 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የትእዛዝ ወረቀቴን አይታ፣ ሰልፉ እየሰማ «ከኤአርቲ ነው የመጡት?» አለችኝ። እኛ አገር ሰው ይተዋወቃል። ከኋላዬ ጎረቤቴ ቢቆምስ? በዚህ ምክንያት ምርመራ የሚቀር፣ ይባስ ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አውቃለሁ። ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። ወረቀት ተቀብሎ ቁጥር መስጠት ምን ይከብዳል?

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት፣ እህል ሳትቀምሱ ሂዱ። ውኃ ግን ጠጡ፣ ደም ሥር ቶሎ ይገኛል። ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ክሊኒካችሁ ስትመለሱም ግፊታችሁን አስለኩ፤ እሱ ብር አይጠይቅም።