እሾሁን ሳያወጡ ማስቲሽ የማይቀቡት የባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ

ምስጋና ለሚገባቸው ሰው በአደባባይ ምስጋና እናቅርብ ብለን ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ብስክሌት አለን፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሥራና ለገበያ፣ ቅዳሜና እሑድ ለጣና ዳር ሽርሽር። ሁለቱንም የሚይዙልን ከገበያው ብዙም ሳይርቁ፣ በዋርካ ጥላ ሥር፣ አንድ ሣጥን መፍቻ፣ አንድ ሳፋ ውኃና አንድ ፖምፓ ይዘው የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን አልጻፍንም፤ ቦታውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ሙያቸውን ግን አንድ በአንድ እንናገራለን። ባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ ሞልቷል፤ ጥሩው ሠራተኛ በምን እንደሚለይ ያወቀ ሰው ሌላ ቦታ ቢሄድም አይሸወድም።

ጋሼ ቀዳዳውን ከመድፈናቸው በፊት የቀደደውን ይፈልጋሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ካላማዳሪያው (ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ የሚይዘው ላስቲክ) ይወጣል፣ ይለጠፋል፣ ይመለሳል፤ በማግስቱ ጎማው እንደገና ተኝቶ ይገኛል፤ እሾሁ ከጎማው አልወጣማ። እርሳቸው ጎማውን ከማውለቃቸው በፊት ቫልቩ ያለበትን ቦታ ጎማው ላይ በጠመኔ ያሰምሩበታል። ካላማዳሪያውን ነፍተው ሳፋው ውስጥ እያዞሩ ያጠልቁታል፤ አረፋ የወጣበት ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ በስንዝር ይለካሉ። ያንኑ ያህል ከጠመኔው ምልክት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲለኩ የግራሩ እሾህ ከሁለቱ በአንዱ ተሰክቶ ይገኛል። በዚህም አይበቃቸውም፤ ጨርቅ ጠቅልለው የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ይዳስሳሉ። በባዶ ጣት መዳሰስ ያስወጋል፣ ጨርቁ ደግሞ ዓይን የማያየውን የሽቦ ስባሪ እንኳ ይይዛል።

መለጠፉም የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ቀዳዳው ዙሪያ የላስቲኩ ወዝ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ማስቲሹ ከመለጠፊያው ትንሽ ሰፋ ብሎ፣ ስስ ሆኖ ይቀባል። ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። የሚቸኩል ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ሳይደርቅ ከተለጠፈ እርጥበቱ ሥር ታፍኖ ይቀርና መለጠፊያው ይንሸራተታል፤ በቀትር ፀሐይ ጎማው ሲግል ደግሞ ጠርዙ ይነሣል። የሚለጠፈው በጣት ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን ነው። ጋሼ ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ በመፍቻው ጀርባ ደኅና አድርገው ይጫኑታል፤ ወደ ጎማው ከመመለሳቸው በፊትም ነፍተው እንደገና ውኃ ውስጥ ያዩታል።

ቀዳዳውን አይተው ምክንያቱን ይናገራሉ። ለእኛም አስተምረውናል፣ እናንተም ያዙት። በውጭው በኩል አንድ ነጠላ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ምስማር ነው። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ከታዩ ንፋስ አንሶት ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) መሃል ተቆንጥጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ለጥፎ በዚያው በላላ ንፋስ መንዳት ነገ ተመልሶ መምጣት ነው። ቀዳዳው በውስጥ፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ ጥፋቱ የራጂ (ከጎማው መሃል እስከ ቸርኬው የተወጠረው ቀጭን ሽቦ) ነው፤ ጫፉ ቸርኬውን አልፎ ወጥቷል። ጋሼ ጫፉን በሞረድ ይበሉትና ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀጭን ቀበቶ ቆርጠው ቸርኬውን ዙሪያውን ያለብሱታል። በቫልቩ ሥር የተቀደደውን ግን አይለጥፉም። «ገንዘባችሁን አልወስድም፣ አዲስ ግዙ» ይላሉ። እዚያ ላይ መለጠፊያ አይዝም፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን ይጎትተዋል።

ጠዋት ተነፍቶ ማታ የሚለዝብ ጎማ ሁሉ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። ጋሼ መጀመሪያ ቫልቩ ጫፍ ላይ ምራቅ ያደርጋሉ፤ ምራቁ ከተነፋ ችግሩ እዚያው ነው። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ቫልቭ ውስጥ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ አለች፤ በፀሐይና በጊዜ ብዛት ትሰነጠቃለች። መለወጫዋ ኢምንት ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ግን ደኅናውን ካላማዳሪያ ይጥላል።

የንፋሱ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በ26 ኢንች ሰፋ ያለ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚል ነው። ቀላል ሰው ብቻውን ሲነዳ ወደ ታችኛው፣ ሰው ሲያፈናጥጥ ወደ ላይኛው ይጠጋል፤ የኋላው ጎማ ክብደቱን ስለሚሸከም ከፊተኛው ይብለጥ።

ለባልና ሚስት ከሁሉ የሚጠቅመው ምክራቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ብስክሌቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ዕቃቸው አይለያይ ይላሉ። የጎማው ቁጥር አንድ፣ የቫልቩ ዓይነት አንድ፣ የጎማው ዳዶ መፍቻ አንድ ይሁን። አንዱ 26 ሌላው 28 ከሆነ ለአንድ መንገድ ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ መሸከም ነው፤ የቫልቮቹ ዓይነት ከተለያየም አንዱ ፖምፓ ለሌላው አይሆንም። ጋሼ አሮጌ ብስክሌት ልትገዙ ስታስቡ ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን አይተው የሚነግሯችሁ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ሳንቲም አይቀበሉም። ዕቃው ከተመሳሰለ ለሁለት ሰው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ትበቃለች፦ አንድ ካላማዳሪያ፣ 5 ወይም 6 መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ፣ 15 ቁጥር መፍቻ፣ ሁለት ጎማ ማውለቂያ ብረትና የእጅ ፖምፓ። የተከፈተ ማስቲሽ ቱቦው ውስጥ ስለሚደርቅ ከመውጣታችሁ በፊት ጨመቅ አድርጋችሁ እዩት። የጎማ ማውለቂያ ከሌለ የማንኪያ እጀታ ይሠራል፤ ካቻቪቴ ግን ካላማዳሪያውን ስለሚበሳ በጭራሽ አይግባ።

ባለቤቱን ከኋላ የሚያፈናጥጥ ሰው ስለ ራጂ ይወቅ። አንድ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ 36 ራጂ አለ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው የኋላው፣ እሱም በካቴናው በኩል ያለው ነው። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ጥርስ ቦታ ስለሚይዝ በዚያ በኩል ያሉት ራጂዎች ቀጥ ብለው ይበልጥ ተወጥረው ይቆማሉ፣ ሸክሙም ይብስባቸዋል። አንዱ ሲሰበር ጎማው ይጣመማል፣ ፍሬኑን ይነካል፣ ጎረቤቱም ተራውን ይጠብቃል። ጋሼ ራጂዎቹን አንድ በአንድ እንደ ክራር ክር እየመቱ ድምፃቸውን ያዳምጣሉ፤ የላላው ድምፁ ወፍራም ነው። ሲያጠብቁም በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፤ አንዱን ብቻ አጥብቆ መሄድ ቸርኬውን ወደዚያ ይስበዋልና ትይዩውንም ያስተካክላሉ። የተሰበረ ራጂ ቀይረው ጎማውን ሳያስተካክሉ አይሰጡም።

ሌላው የማፈናጠጥ አደጋ የነጠላ ጥለትና የቀሚስ ጠርዝ ነው። ሴቶች ወደ ጎን ዞረው ስለሚቀመጡ ጫፉ ወደ ራጂው ሊገባ ቅርብ ነው፤ ገብቶ ሲጠመዘዝ ሰው ይጥላል። ጋሼ ከኋላው ጭቃ መከላከያ እስከ ጎማው ዘንግ ድረስ በሁለቱም በኩል ቀጭን ሲባጎ እንደ መረብ ይወጥራሉ፤ ለተንጠለጠለ እግርም ማሳረፊያ ብረት ያስገባሉ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚያፈናጥጥ ሁሉ ቢያሠራው እንመክራለን።

ስለ ካቴና። ጋሼ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀቡም፤ የብረት ብናኝ ስላለበት ቅባት ሳይሆን ሞረድ ነው ይላሉ። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ በየመገናኛው አንድ አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት ያደርጋሉ፣ ከዚያ የተረፈውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ላይ ላይ የተረፈ ዘይት የበጋውን አቧራ ጠርቶ ያቦካል። መቼ እንደሚቀየር ደግሞ በማስመሪያ ይለካል፦ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምሮ 24 መገናኛ ሲቆጠር አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.6 ሲያልፍ ይቀየር። 30.8 ከደረሰ የኋላውን ጥርስም በልቶታልና አዲስ ካቴና ብቻ ቢገባ እየዘለለ ያስቸግራል። ቀድሞ መለወጥ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብስክሌት ጣና ውስጥ ገብቶ አይታጠብ። ይህን ጋሼም እኛም በብርቱ እንላለን። ውኃው ሞዞው ውስጥ ይገባል (ሞዞ ማለት ጎማው መሃል ያለው ራጂዎቹ የተሰኩበት ነው)፤ ግሪሱን ያጥባል፣ ኳሶቹ ይዝጋሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ጎማው ሲዞር ያንቋርራል። በኋላው ሞዞ በየጎኑ 9 ኳስ አለ፤ አንዷ ስትሰነጠቅ መቀመጫውን ስለምትቆፍር ጋሼ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀይራሉ። ከብስክሌቱ የሚወርደው ዘይት ደግሞ ዓሣ የምንበላበት ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ጣናን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ እምቦጩ ያደረሰበትም ይበቃዋል። አንድ ባልዲ ውኃና ጨርቅ ለሁለት ብስክሌት ይበቃል።

ፔዳል ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ ግልባጭ ነው። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። በጉልበት ወደ ተለመደው አቅጣጫ የሚያስሩ ልጆች ስንቱን የፔዳል እጀታ ጥርሱን በልተውበታል።

ወዴት እንሂድ ለሚል ጥንድ፣ ጋሼ መንገዱን ሳይጠይቁ ብስክሌት አያስረክቡም። ለጣና ዳርና ለአዲሱ የዓባይ ድልድይ ከሆነ ንፋስና ፍሬን አይተው ይለቃሉ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪም ይመቻል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓባይን ከላይ ለማየት ከዚህ የሚሻል ቦታ አናውቅም። ወደ ቤዛዊት፣ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ከሆነ ግን ሥራቸው ፍሬን ላይ ይጠነክራል፤ አደጋው ያለው በመውጣቱ ሳይሆን በመውረዱ ነው። የፍሬን ጎማው ከቸርኬው 2 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የፊት ጫፉ ከኋላው ቀድሞ እንዲነካ በጣም በጥቂቱ ይዘነብላል፣ እንዲህ ካልሆነ ይጮኻል። ሽቦው አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ ይቀየራል። ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ዝናብ ካለ ቸርኬው እስኪደርቅ ፍሬኑ ስለሚዘገይ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ በሁለታችሁም መካከል ሰፊ ርቀት ይኑር።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ለለመደ ሰው ብቻ። በክረምት የዋልካው ጭቃ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መሃል ተጋግሮ ጎማውን ያስራል፤ በበጋ ደግሞ ከጣና የሚወጣው ውኃ ለኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚውል ፏፏቴው ይሳሳል። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴውም ገና ሙሉ ነው። ከከተማ ወጣ ለሚል ሰው የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ለእንዲህ ያለው መንገድ ጋሼ የኮርቻውንም ከፍታ ያያሉ፦ ተቀምጠው ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ቀድሞ ይደክማል፤ ሚስት በባሏ ልክ፣ ባል በሚስቱ ልክ በተቀመጠ ኮርቻ እየነዱ «ይህ ሰው አይችልም» መባባል የብስክሌቱ ጥፋት ነው።

ዋጋቸውን ሥራው ሳይጀመር ይናገራሉ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ያስረክባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ይጨናነቃሉና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አድርሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጂ ቀድመው አይገኙም። ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልን፤ በዚያች ዋርካ ሥር ያቆይልን። እናንተ ስትሄዱ ሁለቱንም ብስክሌት አንድ ላይ ውሰዱ፤ አንዱን ብቻ ካዩ «የእሷስ የት አለ?» ወይም «የእሱስ?» ብለው መመለሳቸው አይቀርም።