ረጅሙ የፈቃድ ማሳሰቢያ ወይስ አንዷ መስመር?

የክፍት ምንጭ ኮድ (ማንም እንዲያነበውና እንዲጠቀምበት በፈቃድ የተለቀቀ የፕሮግራም ኮድ) ስትከፍቱ የፋይሉ አናት ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ታገኛላችሁ። አንደኛው ሙሉ አንቀጽ ነው፦ የመብቱ ባለቤት፣ የፈቃዱ ስም፣ "ምንም ዋስትና የለውም" የሚል ማሳሰቢያ። ሌላው የኤስፒዲኤክስ መለያ የሚባለው ነው፤ የፈቃዱን አጭር ስም ብቻ የያዘች አንዲት መስመር።

ረጅሙ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ፋይሉ ብቻውን ተቀድቶ ሌላ ቦታ ቢገባ እንኳ፣ አንባቢው የተፈቀደለትን ወዲያው ይረዳል። ችግሩ ግን ሰው እየቀዳ ሲለጥፍ ቃላቱ ይለዋወጣሉ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል፣ ሌላው የስሪት ቁጥሩን ይረሳል። ጂፒኤል የሚባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ የድሮ ማሳሰቢያዎች ጭራሽ ፈቃዱን ያወጣውን ድርጅት፣ የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን፣ የፖስታ አድራሻ ይዘው ነበር። ድርጅቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ቢሮ ሲቀይር አሮጌው አድራሻ በስንቱ ፋይል ውስጥ ቀረ!

አጭሯ መስመር ከዚህ ሁሉ ትገላግላለች። ፕሮግራም በቀላሉ ያነባታል፣ ስለዚህ ሺህ ፋይል መፈተሽ ቀላል ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ እሷ የዞረው በከንቱ አይደለም፤ አጻጻፉ የተዘበራረቀ፣ ጭራሽ ማሳሰቢያ የሌለውም ፋይል ብዙ ነበር።

ለአዲስ ፕሮጀክት እኔ አጭሯን እመርጣለሁ። ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ አትናገርም፤ የኮፒራይት መስመሩ ከጎኗ ይኑር። ሙሉው የፈቃድ ጽሑፍም በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። የሌላ ሰው ፋይል ከሆነ ደግሞ ረጅሙን ለማሳጠር ብላችሁ እንዳትነኩት። ኤምአይቲና ቢኤስዲን የመሳሰሉ ፈቃዶች ማሳሰቢያው እንዲቆይ በግልጽ ያስገድዳሉ።