አቡነ የማታ ጉሕ፦ ገደሉን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ስለ አቡነ የማታ ጉሕ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ገደሉ ነው። በትግራይ፣ ገርዓልታ ውስጥ፣ ከመጋብ መንደር አጠገብ፣ 2,580 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የዚህ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሀብት ግን ከበሩ ወዲያ ያለው ሥዕል ነው።

ሽቅብ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቁልፉ በቄሱ እጅ ስለሆነ፣ ከታች ሳትነሡ መኖራቸውን ጠይቁ፤ አለዚያ ያን ሁሉ ወጥታችሁ የተዘጋ በር ይጠብቃችኋል። ገደሉን ስትወጡና ስትወርዱ የሚረዷችሁን የአካባቢውን አጋዦች ዋጋም እዚያው ተስማሙ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ቀጥ ያለው ግድግዳ 6 ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ ጫማ ይወልቃል፤ ቦታው የተቀደሰ ነውና፣ ደግሞም ባዶ እግር በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን መርገጫዎች አጥብቆ ይይዛል። የጀርባ ቦርሳ ወደ ኋላ ስለሚጎትት ለአጋዥ ስጡ። ዝናብ የነካው አሸዋ ድንጋይ ያንሸራትታልና በክረምት አትሞክሩት። ከመውጣቱ መውረዱ ይከብዳል፤ መርገጫው ስለማይታይ አጋዡ ከታች ሆኖ እግራችሁን እየያዘ ቦታው ላይ ያስቀምጥላችኋል። እስኪነግራችሁ እጃችሁን አትልቀቁ።

ከበሩ በፊት ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ጠርዝ አለች፤ ሥሯ 200 ሜትር ገደማ ገደል ነው። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ይለፍ። እናቶች ሕፃናቱን ለክርስትና አዝለው የሚያልፉት በዚህችው ነው።

ውስጡ መጀመሪያ ጨለማ ይመስላል። ዓይን እስኪለምድ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ሁለቱ ጉልላቶች ይገለጣሉ፦ በአንዱ ዘጠኝ ሐዋርያት ክብ ሠርተው፣ በሌላው ከተሰዓቱ (ከዘጠኙ) ቅዱሳን ስምንቱ። ዘጠነኛው የደብሩ ባለቤት አቡነ የማታ ናቸው፤ እሳቸው ለብቻቸው ግድግዳው ላይ ተሥለዋል። ይህን ሳያውቅ የሚቆጥር ሰው አንድ ጎደለ ብሎ ይወጣል። ሥዕሎቹ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ቢጫውና ቀዩ ግን ዛሬም ደማቅ ነው፣ ደረቁ አየር ጠብቋቸዋል። ወደ ጎን የሚያዩትን ትልልቅ ዓይኖች ሳትቸኩሉ ተመልከቱ፤ ውበታቸው ያለው እዚያ ነው።

ልስኑን የእጅ ላብና ወዝ ይጎዳዋልና ግድግዳውን አትንኩ፣ አትደገፉም። የካሜራ ፍላሽ ይጥፋ። ብዙ ጎብኚ መውረዱን እየፈራ በ10 ደቂቃ ይወጣል፤ ይህ ያሳዝናል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደምትቆዩ ለቄሱና ለአጋዦቹ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ጉልላቱን ቆሞ ማየት አንገት ስለሚያዝል ወለሉ ላይ ተቀመጡ።